ርካሽ ቶርክ መፍቻ ይታመናልን?

ብሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅ ይበጠሳል፤ ሲላላ ደግሞ ቀስ በቀስ ይፈታል። የጎማው ዳዶ የተፈታ መኪና በመንገድ ላይ ምን ጉዳት እንደሚያደርስ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ መኪና ሠሪዎች የእያንዳንዱን ብሎን ልክ በመመሪያ መጽሐፋቸው ይወስናሉ። ለምሳሌ የብዙዎቹ የቶዮታ ኮሮላ መኪኖች የጎማ ዳዶ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን ልክ የሚያሳውቀን መሣሪያ ቶርክ መፍቻ ይባላል።

በፊዚክስ ክፍል እንደተማርነው፣ ኒውተን ሜትር ኃይል በክንድ ርዝመት ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ከመፍቻው ራስ 0.4 ሜትር ርቆ በ250 ኒውተን የሚጫን ሰው 100 ኒውተን ሜትር አገኘ ማለት ነው። በየቤቱ የሚገዛው መፍቻ ብዙውን ጊዜ በውስጡ ሞላ ያለበት ነው፤ እጀታውን አዙረን ቁጥሩን እንመርጣለን፣ ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል።

አይኤስኦ 6789 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ እንዲህ ያለው መፍቻ ከ10 ኒውተን ሜትር በላይ ሲለካ ስሕተቱ ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ ያዝዛል። ሌላ ሥርዓት ከሌለም በ12 ወር ወይም 5000 ጊዜ ከሠራ በኋላ እንደገና እንዲመረመር ይላል። በርካሹ መፍቻ ካርቶን ላይም «4 በመቶ» ተብሎ ይጻፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ጽሕፈት ምስክር አይሆንም። ምስክሩ ፈተና ነው።

እኔም ታላቅ ወንድሜ ከገበያ የገዛውን መፍቻ እንደሚከተለው ፈተንሁት። የመፍቻውን ራስ በሞርሳ አሥሬ እጀታውን አግድም አደረግሁ። ከራሱ 0.4 ሜትር በሚርቀው የእጀታው መካከል ላይ፣ ከነውኃው 25 ኪሎ የሚመዝን ጀሪካን አንጠልጥዬ በዝግታ ለቀቅሁት። 25 በ9.8፣ ከዚያም በ0.4 ሲባዛ 98 ይሆናል። የመፍቻው የራሱ ክብደት 1.5 ኪሎ፣ ሚዛኑ የሚቆምበትም ቦታ ከራሱ 0.2 ሜትር ስለ ሆነ፣ 3 ይጨመራል። ድምሩ 101 ኒውተን ሜትር ነው። ቁጥሩን እያሳደግሁ ስሞክር እስከ 107 ድረስ «ቀጭ» አለ፤ በ108 ዝም አለ። ስሕተቱ ወደ 6 በመቶ ይጠጋል ማለት ነው። አምስት ጊዜ ደግሜ ያገኘሁት ግን ያንኑ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ወገን የሚሳሳት መሣሪያ በሒሳብ ይቃናል፤ በዚያ አካባቢ 103 ለማግኘት 109 ላይ ማድረግ ይበቃል። አንድ ጊዜ 98 ሌላ ጊዜ 110 የሚል መፍቻ ግን መድኃኒት የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ብሎን ስናጠብቅ ከምናወጣው ጉልበት 90 በመቶ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥርና በጥርሱ ሰበቃ ያልቃል፤ ማሰሪያ የሚሆነው 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ መመሪያው ደረቅ ይሁን ያለውን ብሎን ዘይት ብንቀባው፣ በዚያው ቁጥር ከመጠን በላይ ይለጠጣል። ዝገትና ቆሻሻ ደግሞ ላልቶ እንዲቀር ያደርጉታል። ይህ የሚያመጣው ልዩነት ከመፍቻው 6 በመቶ ስሕተት እጅግ ይበልጣል። እንግዲህ ጥርሱን በብሩሽ መጥረግ ውድ መፍቻ ከመግዛት ይቀድማል።

ለማጠቃለል፣ የተፈተነ ርካሽ መፍቻ ለጎማ ዳዶ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ቴስታታን ለመሰለ ረቂቅ ሥራ ግን በመመርመሪያ መሣሪያ የተረጋገጠ መፍቻ ያለውን ጋራዥ መፈለግ ይሻላል። መፍቻውን ከሙሉ ልኩ 20 በመቶ በታች አንጠቀምበት፤ ዳዶ አንፍታበት፤ «ቀጭ» ካለም ደግመን አንሳበው። ሥራው ሲያበቃ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር እንመልሰው፣ ሞላው ያርፋል።

መጥኖ መደቆስ ለወጥ ቤት ብቻ የተባለ አይደለም። ወላጆቻችንና ታናናሾቻችን የሚሳፈሩበትን መኪና ጎማ ስናጠብቅ፣ አስቀድሞ መመጠን የእኛ ድርሻ ነው።