የምታንጠባጥብ ቧንቧና ተከራይ

በአዲስ አበባ ብዙ ተከራዮች አንድ ቆጣሪ በሚጋሩበት ግቢ፣ ሌሊቱን ስታንጠባጥብ የምታድር ቧንቧ፣ ነገሯ ኢምንት ቢመስልም፣ ሒሳቡ በሚከፋፈልበት ቀን የጠብ መንሥኤ መሆኗ አይቀርም፤ በየሰከንዱ አንዲት ጠብታ ብትወድቅ በመዓልትና በሌሊት 86,400 ትሆናለችና፣ 4,000 ጠብታ አንድ ሊትር ይሞላል ብለን ብናሰላ፣ ከ21 ሊትር በላይ ውሃ በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው።

ደዌው አብዛኛውን ጊዜ ያለው በቧንቧው ራስ ውስጥ፣ ጎሚኒ በምትባለው ክብ ላስቲክ ላይ ነው፤ እርሷም በዘመን ብዛት ስትደርቅና ስትሰነጠቅ ውሃውን መግታት ይሳናታል። ጠብታውን አቆማለሁ ብሎ እጀታውን በኃይል የሚያጠብቅ ሰው (ይህን የማያደርግስ ማን አለ?) ላስቲኳን ይብሱን ይጎዳታል። መድኃኒቱ፣ ጎረቤትን አስታውቆ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ መዝጋት፣ የቀረውን ውሃ ማፍሰስ፣ ራሱንም በእንግሊዝ ቁልፍ ፈትቶ አሮጌዋን በልኳ በተገዛች አዲስ መለወጥ ነው። ይህም ሆኖ ካልቆመ፣ ላስቲኳ የምታርፍበት ብረት ተበልቷልና ቧንቧው ራሱ ይለወጣል።

ወጪው የማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱን በመልካም ይዞታ የመጠበቅን ግዴታ በመሠረቱ በአከራዩ ላይ ቢጥልም፣ በተከራዩ ላይ የሚወድቁ ጥቃቅን ጥገናዎችም ስላሉ፣ አስቀድሞ ውሉን መመርመር፣ ከዚያም ቁልፍ ከማንሣት በፊት «እትዬ፣ ቧንቧው ተበላሽቷል፤ ላሠራውና ከኪራዩ ይታሰብልኝ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ፣ የዕቃውንም ደረሰኝ መያዝ ይበጃል።