የተመረቀችው ልጅ ገጠር ስትመደብ

ልጃቸው ተመርቃ ገጠር የተመደበችባቸው ወላጆች ምክር ይጠይቁኛል። እኔም በላስታ ቀበሌዎች ያየሁትን እነግራቸዋለሁ።

የተማረን ሰው ወደ ገጠር መላክ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ዘምቷል። ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን በዕጣ ተመድበዋል። በዕጣ የመጣ ሰው ግን፣ አልፈርድበትም፣ የሚቆጥረው የግዴታ ዘመኑን ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተሻለ መላ ይዞ መጣ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ከአካባቢው ተመልምላ፣ አንድ ዓመት ሠልጥና፣ በመንግሥት ደመወዝ ተመልሳ እዚያው ትሠራ ነበር። ለ5,000 ሰው ገደማ አንድ ጤና ኬላ፣ ለኬላው ሁለት ሴቶች። በጥቂት ዓመታት ከ30 ሺህ በላይ ሠለጠኑ።

የላስታን ዳገት ለሚያውቅ ይህ ቀላል አይደለም። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ሆኖ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለበት። እኛ ነጭ ጋዋን ለብሰን ስንመጣ ሕፃናቱ ይሸሹን ነበር። ለእነዚህ ግን እናቶች «የእገሌ ልጅ ናት» ብለው በር ይከፍታሉ፤ ለእንግዳ የማይነገረውን የእርግዝና ነገር ያጫውቷቸዋል። በ1992 ዓ.ም. በአገሪቱ ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ሁሉም የእነሱ ሥራ ነው አልልም፤ ያለ እነሱ ግን የሚሆን አይመስለኝም።

መመሪያው የዘነጋው ልጅቷም ማግባቷና መውለዷ እንደማይቀር ነው። ባሏ ከተማ ከሆነ ዝውውር ትጠይቃለች፤ «ተተኪ የለም» ትባላለች። አንዲት ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ። «እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ» እያለች ቤት ለቤት ታስተምር ነበር። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ የራሷን ሕፃን ግማሽ ቀን በእግር ለሚያስኬድ መንገድ ርቃ ለምትኖር እናቷ ሰጠች፤ ኬላው አጠገብ የሚከራይ ክፍል አልነበረማ! ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያተኛው ጋር እየሄደች ታየው ነበር። በመጨረሻ ሥራውን ለቀቀች፤ ኬላው ለወራት ተዘጋ።

ደረጃቸው ወደ አራት ማደጉ መልካም ነው፤ ግን ዲፕሎማ ቤት አይሆንም። ስለዚህ ወላጆችን የምላቸው ይህን ነው፦ ከደመወዙ በፊት ማደሪያዋን ጠይቁ። አብራችኋት ሂዱና ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር ተነጋገሩ። በሩ ቁልፍ እንዳለው፣ ውኃው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ማታ የምትጠራው ጎረቤት ማን እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። ለኬላው እንጨትና ጉልበት ያዋጣ ሕዝብ ከጎኑ ሁለት ክፍል ለመጨመር አያቅተውም፤ ቀርቦ የሚጠይቀው ነው ያጣው።