ለአውቶቡስ የሞተር ክፍል የሚሆን አውቶማቲክ የእሳት ማጥፊያ አመራረጥ

አዲስ አበባ፦ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳ የመንገደኞች አውሮፕላን ሞተሩ ቢቃጠል፣ እሳቱን የሚያሳውቀው በሞተሩ ዙሪያ የተዘረጋ ሙቀት የሚለይ መስመር ነው። ማጥፊያውን የሚለቀው ግን አብራሪው ነው። እጀታውን ሲስብ በቅድሚያ ነዳጁ፣ የሃይድሮሊክ ዘይቱና ጄኔሬተሩ ይቋረጣሉ፤ ኬሚካሉ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ውጭ፣ በመገናኛ፣ በገርጂና በአያት መስመሮች ወይም ወደ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችን በሚያመላልሱ አውቶቡሶች ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ሞተሩ ከኋላ በሆነ አውቶቡስ አሽከርካሪው ከእሳቱ አሥር ሜትር ያህል ርቆ ስለሚቀመጥ ጭሱን የሚያየው ዘግይቶ ነው። የእጅ ማጥፊያውን ይዞ ቢደርስም ክዳኑን ሲከፍት አየር ገብቶ ነበልባሉን ያባብሰዋል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 107 በሚተገበርባቸው አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2018 አንስቶ በአዳዲስ አውቶቡሶች ላይ አውቶማቲክ ማጥፊያ በየደረጃው ግዴታ እንዲሆን የተደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የእሳቱ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ከተሰነጠቀ ቱቦ በጋለ ቱርቦ ወይም ጭስ ማውጫ ላይ የሚረጭ ናፍጣና ዘይት፣ አለዚያም የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ሞተርም ሙቀቱን እንደ ቆላው በቀላሉ አያስወግድም።

በምርጫው ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በማጥፊያው ዓይነት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሆነ ሌላ ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ የአውቶቡስ ሞተር ክፍል ግን ከሥሩ ክፍት ከመሆኑም በላይ ማራገቢያው ጋዙን ጠርጎ ያወጣዋል። ደረቅ ዱቄት ነበልባሉን በቅጽበት ይመታል፤ ሆኖም የጋለውን ብረት ስለማያቀዘቅዝ እሳቱ ዳግም ሊነሳ ይችላል። ለትልቅ አውቶቡስ የተሻለው ውኃን ከአረፋ ጋር በጉም መልክ የሚረጨው ሥርዓት ነው፤ ያጠፋልም፣ ያቀዘቅዛልም። አውሮፕላኖች የሚጠቀሙበትን ሃሎን 1301 መመኘት አያስፈልግም። የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ ምርቱ በበለጸጉት አገሮች እ.ኤ.አ. በ1994፣ በታዳጊዎቹ በ2010 ቆሟል።

እሳቱን የሚለየው ክፍል ብዙውን ጊዜ በግፊት የተሞላ የፕላስቲክ ቱቦ ሲሆን፣ ሙቀት ሲነካው ቀልጦ ይበሳና ማጥፊያውን ይለቃል። የመቅለጫው መጠን ከሞተሩ ክፍል የተለመደ ከፍተኛ ሙቀት በላይ መሆን አለበት፤ ዝቅ ካለ ያለ እሳት ይፈነዳል። ሻጩን ከዋጋው አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ግን ማጥፊያው ሲለቀቅ ሞተሩ ይጠፋል ወይ የሚለውን ነው። ነዳጁ እየፈሰሰ፣ ማራገቢያው እየዞረ የሚረጭ ኬሚካል ከንቱ ድካም ነውና። የአውሮፕላኑ እጀታ ቅደም ተከተል እዚህም ይሠራል።

ላቫጆ ሌላው ፈተና ነው። ሞተር በከፍተኛ ግፊት ውኃ ሲታጠብ የመርጫዎቹ አፍ ክዳን ከሌለው ጭቃና ቅባት ይደፍነዋል። ዱቄት ከሆነ ደግሞ በኮረኮንች መንገድ እየተናጠ ከሥር ሊጋገር ስለሚችል የግፊት መለኪያው አረንጓዴ ማሳየቱ ብቻ በቂ ማረጋገጫ አይሆንም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥራቸው የጨመረው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በዚህ መሣሪያ አይጠበቁም። የሊቲየም ባትሪ እሳት ከባትሪው ውስጥ የሚነሳ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ የሚፈስ ብዙ ውኃ ይፈልጋል።