ስለ አሮጌ ቮልስዋገን ዝገትና ስለ ላሜራው ብየዳ

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ እስከ ዛሬ ድረስ ከሚታዩት አሮጌ ኦቶሞቢሎች መካከል፣ በሕዝቡ ዘንድ «ቮልስ» በሚል ስም የምትጠራው የጀርመኗ ቮልስዋገን ከሁሉ ይልቅ የታወቀች ናት። ይህች ኦቶሞቢል እ.ኤ.አ. በ1938 መሠራት ጀምራ የመጨረሻዪቱ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ፋብሪካ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ተሠርታ ስትወጣ፣ በጠቅላላው የተሠሩት 21,529,464 ደርሰው ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በዚችው ዓይነት ኦቶሞቢል እንደ ነበር የታወቀ ነው።

እነዚህን አሮጌ ኦቶሞቢሎች የማደስ ሥራ ቀድሞ የጥቂት ወዳጆቻቸው ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ነበር። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ አገር በሚገቡ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መጠበቅና ማደስ ምን ያህል ጥቅም እንዳለው ለብዙ ሰው ግልጽ ሆኗል። ስለዚህ ላሜራ የሚያስመጣም፣ መለዋወጫ የሚሸጥም፣ አሮጌ ኦቶሞቢል ገዝቶ አድሶ የሚሸጥም ነጋዴ የዝገትን ጠባይና የብየዳን ሥርዓት ቢያውቅ ገንዘቡን ከከንቱ ወጪ ያድናል። ከገንዘቡም በላይ በኦቶሞቢሉ የሚሳፈረው ሰው ሕይወት አለበት።

ዝገት ማለት ብረት ከውሃና በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነገር ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ብረት አይዝግም፤ ጨው ሲጨመርበት ግን ሥራው እጅግ ይፋጠናል። በምጽዋ፣ በአሰብ ወይም በጅቡቲ ለዓመታት የቆየ ኦቶሞቢል በደጋ ከኖረው ይልቅ ተጎድቶ የሚገኘው ስለዚህ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ስፍራ ይይዛል፤ ስለዚህም ሁለት ላሜራ ተደራርቦ በተሰፋበት ቦታ ውሃ ከገባ ዝገቱ በመካከል እንደ ሽብልቅ እየሆነ ስፌቱን ይፈለቅቀዋል፣ በተፈለቀቀውም ቀዳዳ ተጨማሪ ውሃ ይገባል። ከውጭ በቀለም ላይ እንደ ብጉር ያበጠ ትንሽ ነገር የታየ እንደ ሆነ ከውስጥ በኩል ብረቱ አልቆ ሊሆን ይችላልና በብጉሩ ትንሽነት መታለል አይገባም።

ቮልስዋገን የምትዝግባቸው ስፍራዎች ለሁሉም ያው ናቸው ለማለት ይቻላል። የኦቶሞቢሏ አሠራር ከሌሎቹ ይለያል፤ በመካከል እንደ አከርካሪ የሚያልፍ ባዶ የብረት ቦይ አለ፣ በግራና በቀኙ ሁለት የወለል ላሜራዎች ተበይደውበታል፣ በወለሉም ላይ አካሉ በሙሉ በቡሎን ታስሮ ይቀመጣል። አካሉ ከወለሉ ጋር የሚገናኘው በበሮቹ ሥር ከኋላ ወደ ፊት በሚዘልቁ ሁለት ባዶ የላሜራ ሣጥኖች ነው። የሞተሩ ሙቀት ወደ ፊት የሚሄደውም በእነዚሁ ሣጥኖች ውስጥ ስለ ሆነ የሙቀት ቦይ ይባላሉ። ከታች ጭቃና ውሃ ይመታቸዋል፣ ከውስጥም እርጥብ አየር ይቀመጥባቸዋል። የአካሉ ጥንካሬ ያለው በእነርሱ ላይ ነውና፣ እነርሱ ያለቁ እንደ ሆነ ኦቶሞቢሏ ከላይ አምራ ብትታይም በግጭት ጊዜ እንደ ካርቶን ትታጠፋለች።

ሁለተኛው ስፍራ ከኋላ መቀመጫ ሥር በስተቀኝ ያለው ወለል ነው። ባትሪው የሚቀመጠው በዚያ ነው፤ ከባትሪው የሚፈሰውም አሲድ ቀለሙን አንሥቶ ብረቱን ይበላል። በዚህ ላይ የባትሪው ክዳን የጠፋ እንደ ሆነ የመቀመጫው ሽቦ ከባትሪው ጫፎች ጋር ተነካክቶ እሳት ያስነሣል። ከፊት ደግሞ ትርፍ ጎማ የሚቀመጥበት ጉድጓድ፣ ከኋላ መከላከያው የሚታሰርባቸው ስፍራዎች፣ ከበሮቹም የታችኛው ጠርዝ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳው በአቧራ ሲደፈን ይበሰብሳሉ። አራቱ ፓራፋንጎዎች ግን በቡሎን የሚታሰሩ ናቸውና ያለ ብየዳ ፈትቶ መለወጥ ይቻላል፤ ለባለ ሱቁ በቶሎ የሚሸጥ ዕቃም ይኸው ነው።

የሚገዛ ሰው ሊያደርገው የሚገባ ምርመራ ብዙ ወጪ የለበትም። ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ በላሜራው ላይ ማስኬድ ነው፤ ማግኔቱ መሳቡን ከተወ በዚያ ስፍራ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው። በጣት ሲያንኳኩት ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፣ በስቱኮ የተሞላው ግን ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ምንጣፉን አንሥቶ ወለሉን ማየት፣ የኋላ መቀመጫውን አንሥቶ ከባትሪው ሥር መመልከት፣ በሩን ከፍቶ ወደ ላይ ማንሣትና በሩ ሲዘጋ ክፍተቱ ከላይም ከታችም እኩል መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች የሰፋ ወይም የተጣመመ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ አካሉ በሙቀት ቦዩ ላይ ተቀምጧል ብሎ ማሰብ ይገባል። ሻጩ «ከሥር አይነካም፣ አሁን በቅርቡ ሬንጅ ተቀብቷል» ካለ፣ ያን ጊዜ ከሥር ይበልጥ መታየት አለበት።

ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ ብዙ ጋራዦች ቸኩለው የሚስቱበት ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። የሙቀት ቦዩ ከመቆረጡ በፊት በበሩ ክፍተት ውስጥ ብረት ተበይዶ መደገፍ አለበት። ይህ ካልሆነ ቦዩ በተቆረጠ ጊዜ አካሉ በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ ከዚያ በኋላ አዲሱ ቦይ ቢበየድም በሩ ከቶ አይገጥምም። አንዱ ጎን አልቆ ሳይጠነክር ሌላው ጎን አይነካም። ቦዩ በሚበየድበትም ጊዜ አካሉ በወለሉ ላይ በቡሎኖቹ ታስሮ መቀመጥ አለበት፤ ልኩን የሚጠብቀው ወለሉ ነውና። አካሉን አውርዶ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ አስቀምጦ የሚበይድ ሰው ሥራው ሲያልቅ የቡሎኖቹ ቀዳዳ ከወለሉ ጋር የማይገጥም ሆኖ ያገኘዋል።

ከሁሉ በላይ ግን እሳትን መጠንቀቅ ነው። በቮልስዋገን የቤንዚን ቱቦው ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ወደ ሞተሩ የሚሄደው በዚያው በመካከለኛው አከርካሪ ውስጥ ነው። የወለል ላሜራውን ከአከርካሪው ጋር የሚበይደው ሰው ቱቦው ከውስጥ እንዳለ ሳያውቅ እሳት የሰጠው እንደ ሆነ የሚደርሰው አደጋ ግልጽ ነው። ስለዚህ የቤንዚኑ ጋን ከነክዳኑ ወጥቶ ከሥራው ቦታ ይራቅ፣ ቱቦውም ባዶ ሆኖ በአየር ተነፍቶ ይጽዳ። ጋኑ ባዶ ነው ተብሎ በስፍራው መተው ሌላ ጥፋት ነው፤ ከሙሉ ጋን ይልቅ በትነት የተሞላ ባዶ ጋን ይፈነዳል። ባትሪው ይፈታ፣ በግራ ጎን የሚያልፉት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ከሙቀት ይራቁ። የሞተሩም አካል ማግኔዚየም በበዛበት ቅይጥ የተሠራ ነውና አንድ ጊዜ እሳት ከያዘው በውሃ የሚጠፋ አይደለም፤ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ያብሰዋል። ላሜራውን ክሎሪን ባለበት ማጽጃ አጥቦ ሳይደርቅ መበየድም የሚመርዝ ጭስ ያመጣል።

በዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን በማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ወተት መጠጣት ከዚህ ያድናል የሚል እምነት በየጋራዡ ተስፋፍቷል፤ ወተት ለሰውነት መልካም ቢሆንም ወደ ሳንባ የገባውን ጭስ አያወጣም። የሚያድነው ልባጩን በብየዳው ዙሪያ ፍቆ ማንሣትና ነፋስ በሚያልፍበት ስፍራ መሥራት ነው።

የኦቶሞቢል ላሜራ ውፍረቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ለበርና ለመስኮት ብረት የሚሠራው ተራ የኤሌክትሮድ ብየዳ ይበሳዋል እንጂ አይሰፋውም። በቀድሞ ዘመን ባትላሜራዎች በኦክሲጅንና በአሴትሊን ነበልባል ይሠሩ ነበር፤ አሁንም እጁ የሠለጠነ ሰው በዚሁ መልካም ሥራ ይሠራል። ነበልባሉ ግን ላሜራውን በሰፊው ስለሚያሞቀው በእሳት አጠገብ እንደ ቀረበ ቆዳ ያጨማድደዋል። ለዚህ ሥራ ይልቁን የተመረጠው ሚግ የተባለው የብየዳ መኪና ነው፤ 0.6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ሽቦ ከአርጎንና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ ጋዝ ጋር ይጠቀማል። አሠራሩ በአንድ ትንፋሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ መበየድ አይደለም። አንድ ነጥብ ከዚህ፣ አንድ ነጥብ ራቅ ብሎ ከዚያ፣ ብረቱ እየቀዘቀዘ፣ ነጥቦቹ ቀስ በቀስ እስኪገናኙ ድረስ ነው። የወለሉ ላሜራ በአከርካሪው ላይ በሚደረብበት ስፍራ ደግሞ የላይኛው ላሜራ በትራፓኖ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር እየተበሳ ቀዳዳው በብየዳ ይሞላል፤ ይህም የፋብሪካውን የነጥብ ብየዳ ይተካል። ቀድሞ በነሐስ የተበየደ ስፍራ የተገኘ እንደ ሆነ ነሐሱ ፈጽሞ ካልተነሣ ሚግ በላዩ አይይዝም።

ከሁሉ የሚከፋው ልማድ የዛገውን ሳይቆርጡ በላዩ አዲስ ላሜራ መለጠፍ ነው። ከሥር የቀረው ዝገት ሥራውን አያቆምም፣ እንዲያውም ውሃ የሚያቁርበት አዲስ ስፍራ ተዘጋጀለት። ደኅና ብረት እስኪገኝ ድረስ መቁረጥ ግድ ነው። ላዩን ብቻ የዛገውን ግን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት መድኃኒት ቢቀቡት ዝገቱ ወደ ብረት ፎስፌት ይለወጣል፤ ለተበሳ ላሜራ ግን ይህ መድኃኒት አይሆንም። ስቱኮም የራሱ ቦታ አለው፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ የላሜራውን ሸካራነት ለማስተካከል እንጂ ቀዳዳ ለመድፈን አይደለም። ውሃ ይመጣልና።

ብየዳው ካለቀ በኋላ ስፌቶቹ በማሸጊያ ይታሸጉ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀቡ፣ በሙቀት ቦዩም ውስጥ ቀልጦ የሚረጭ ሰም በቀዳዳው ይነፋ። በአገራችን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከሥር መርጨት የተለመደ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ውሃን ይከለክላል፣ ጎማ የሆኑትን ክፍሎች ግን ያበሰብሳል፣ መሬቱንም ያቆሽሻል። ሬንጅ ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ውሃውን በሥሩ ይዞ ያቆየዋል።

አስመጪው ሊጠነቀቅበት የሚገባው የሚመጣው ላሜራ ዓይነት ነው። በገበያ ላይ ያሉት አዳዲስ ላሜራዎች አብዛኛዎቹ በሌሎች ፋብሪካዎች የተሠሩ ምትኮች ሲሆኑ ውፍረታቸውና ልካቸው እኩል አይደለም። ስለዚህ ትእዛዝ ከመላኩ በፊት ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተገልጾ በጽሑፍ ይጠየቅ። በላያቸው ያለው ጥቁር ቀለም ሁልጊዜ ፀረ ዝገት አይደለም፤ አንዳንዱ በመርከብ ጉዞ ብቻ እንዲጠብቃቸው የተቀባ ነው። በቲነር የራሰ ጨርቅ ሲያሻሹት የሚለቅ ከሆነ ተፍቆ መነሣት አለበት፤ ባለ ሱቁም ይህን ለገዢው አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። የሥሪቱም ዓመት ይለያል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1967 በኋላ የተሠሩት ኮፈናቸው አጭር፣ የፊት ፓራፋንጎአቸውም መብራቱ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ የመጡት 1302 እና 1303 የተባሉት ደግሞ የፊት አካላቸው ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። «የቮልስ ፓራፋንጎ» ብቻ ተብሎ የታዘዘ ዕቃ በመጋዘን ተቀምጦ አቧራ የሚጠጣው ከዚህ የተነሣ ነው። በሱማሌ ተራ ከተፈታ ኦቶሞቢል የሚገኘው አሮጌ ላሜራ፣ ጤነኛ ከሆነ፣ ከቀጭኑ ምትክ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

በመጨረሻም የሻንሲው ቁጥር የተመታው ከኋላ መቀመጫ ሥር በመካከለኛው አከርካሪ ላይ ነው። የግራና የቀኝ ወለል ሲለወጥ አከርካሪው አይነካምና ቁጥሩ በስፍራው ይቀራል፤ ነገር ግን ግራይንደር የያዘ ሠራተኛ ዝገት ሲፍቅ ቁጥሩን አብሮ የፋቀው እንደ ሆነ፣ ወይም ከሌላ ኦቶሞቢል ሙሉ ወለል አምጥቶ የተካ እንደ ሆነ፣ ኦቶሞቢሉና ሊብሬው አይስማሙም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩን በሊብሬው ላይ ካለው ጋር አመሳክሮ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ስፍራውንም በወፍራም ወረቀትና በግራሶ ሸፍኖ ለባትላሜራው ማሳየት ያስፈልጋል።