የክረምት ቡና፣ መጽሐፍና የከሰሉ ነገር

እንደሚታወቀው ክረምት ሲገባ ከቤት መውጣት ያስጠላል። ኩየራን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከሻሸመኔ በስተሰሜን ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ከፍታዋ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ፣ ጭቃውና ብርዱ ተባብረው ሰውን ቤቱ ያስቀምጡታል። ትምህርት ተዘግቷል፤ ታዲያ ከቡናና ከመጽሐፍ የተሻለ ምን አለ?

የሚገርመው ግን የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ሌሊቶች በጣም የሚቀዘቅዙት በክረምት ሳይሆን በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ያኔ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬት ቀን የያዘችው ሙቀት ማታ ወደ ላይ ያመልጣል፣ ጠዋት ውርጭ ይታያል። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሌሊቱን ይሸፍነዋል። ታዲያ ክረምቱ ለምን ይበርደናል? ቀን ፀሐይ የለችማ! ልብስ አይደርቅም፣ እርጥብ ልብስ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት አይዝም። ቤቶቻችንም ማሞቂያ የላቸውም። በዚህ ምክንያት ሰው በሩንና መስኮቱን ይዘጋል፣ እሳት ይፈልጋል። እሳቱ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የቡናው ከሰል ነው።

የቡና ሥርዓታችን ለአንባቢ የሚመች ነው። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ተጥዶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። በዚህ መሀል አንድ ሁለት ምዕራፍ ይነበባል። እርግጥ ቡና የጨዋታ ነው፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ እንደ ኩራት ይቆጠራል። ቢሆንም መጽሐፍና ቡና አብረው የኖሩበት ጊዜ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ቤተሰብ በአንድነት እንዳዳመጠው ታላላቆቻችን ዛሬም ያወሩታል። ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገርም አይቻል፣ ያኔ ማንበብ ነው እንጂ!

ችግሩ ያለው ከጀበናው ሥር ነው። ቡናው ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው፣ በተለይ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ፣ ምድጃውን አያወጣውም። «ትንሽ ይሙቀኝ» ብሎ ፍሙን አልጋው አጠገብ አስጠግቶ ንባቡን ይቀጥላል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል። በቃ፣ አደጋው እዚህ ጋ ነው።

ከሰል በደንብ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ስንተነፍሰው ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል፤ አያያዙም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ልቡና አንጎሉ ኦክስጅን ያጣሉ። ቤታችን ውስጥ ሲባል የምንሰማው «ከሰሉ ፍም ከሆነ፣ ጭሱ ከወጣለት ምንም አያደርግም» የሚለው አባባል ስህተት ነው። ጭሱ ሌላ፣ ጋዙ ሌላ። ቀይ ፍምም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። እጣን ማጨስ ሽታውን ይለውጥ ይሆናል እንጂ ጋዙን አይቀንሰውም።

የምልክቱ ነገር ደግሞ ከቡና ጋር ይምታታል። መጀመሪያ የሚመጣው ራስ ምታት ነው፤ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና መድከም ይከተላል። ቡና የለመደ ሰው ደግሞ ካፌን በተቋረጠበት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ያመዋል። እንግዲህ እቤት ዘግቶ የዋለ ሰው ራሱን ሲያመው ምን ይላል? «ቡና አልጠጣሁም መሰለኝ» ብሎ ከሰል ይጨምራል! መለያው ይህ ነው፦ ውጭ ወጥቶ ሲናፈስ ቀለል የሚለው ከሆነ፣ ወይም እቤት ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ካመማቸው፣ ነገሩ የቡና ሱስ ሳይሆን የከሰሉ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ኩየራ የአድቬንቲስት ኮሌጅ ያለባት ከተማ በመሆኗ በሃይማኖታቸው ምክንያት ቡና የማይጠጡ ሰዎች አሉ። ገብስ ቆልቶ እንደ ቡና አፍልቶ የሚጠጣም አለ። ከሰሉ ግን የተጣደበት ቡና ይሁን ገብስ አይጠይቅም።

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ቡናውን በረንዳ ላይ ወይም በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ማፍላት፣ ከዚያ በፔርሙዝ አድርጎ ወደ ውስጥ ማስገባት። (የፔርሙዝ ቡና ቡና አይደለም የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ፣ ግን ምን ይደረግ።) ምድጃው ከመተኛት በፊት ውጭ ይደር። ለብርዱ ጋቢና ካልሲ አለ። ለማንበብ የሚቀዘቅዘው እጅ ነው፣ እሱንም ሲኒው ያሞቀዋል።

በጋዙ የተያዘ ሰው ከተገኘ መጀመሪያ በሩን ከፍቶ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውሰድ ነው። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያስወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ሊያንቀው ይችላል። በተራ አየር ደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፣ ሐኪም ቤት በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።