ባትሪው ምን አጠፋ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ቮልስ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ግን “ታዲያ ከፍቅር በምን ተለየ?” ብትሉኝ አልፈርድባችሁም።

አባቴ እ.ኤ.አ. የ1969 ሞዴል ቮልስ ዋገን አለችው። አራት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያመላለሰባት፣ እናታችንን ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ቤት ያደረሰባት መኪና ናት። ባለፈው ክረምት ታዲያ ጠዋት ጠዋት መነሣት እምቢ አለች። ቁልፍ ሲዞር እንደ ታመመ ሽማግሌ “እህ... እህ... እህ...” ትልና ዝም! ከዚያ የሠፈር ልጆች ተጠርተው ይገፏታል። ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ለቀቅ፣ ትነሣለች። የልጆቹ የሻይ ሂሳብ ግን በየቀኑ ጨመረ።

“ባትሪ ነው!” አለ ሠፈሩ በሙሉ። እኔም የሁለት ወር የጽሑፍ ክፍያዬን አራግፌ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሁለት ቀን የተሻላት መሰለ። በሦስተኛው ቀን ያው “እህ... እህ...” ሆነ። ጋራዥ ወሰድናት። “ሞተሪኖው አልቋል፣ ይቀየር” ተባልን። ዋጋውን የሰማ ዕለት አባቴ ራቱን ሳይጨርስ ተነሣና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ “ደላላ ጥራ፤ ትሸጥ” አለኝ። ደላላው መጣ፣ “የማትነሣ መኪና” ብሎ የቁራሌው ዓይነት ዋጋ ጠርቶ ሄደ።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በነጋታው ጡረታ የወጡ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። “ጋሼ፣ አባዬ መኪናዋን ሊሸጥ ነው” ስላቸው ሳቁ። “ልጄ፣ ሳትጠይቋት ነዋ የፈረዳችሁባት!” አሉኝ። አብረን ጠየቅናት። እናንተም እንዲህ ጠይቁ።

አንደኛ፣ ሞተሩ የሚዞረው እንዴት ነው? ቶሎ ቶሎ እየዞረ አልነሣ ካለ ነገሩ ወደ ነዳጅ ወይም ወደ ካንዴላ እሳት ያደላል። እያዘገመ ከዞረ ግን ባትሪ፣ ገመድ ወይም ሞተሪኖ ነው። የኛዋ ታዘግማለች።

ሁለተኛ፣ ባትሪው በቴስተር ይለካ። በደንብ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ መኪናው ቆሞ 12.6 ገደማ ያሳያል። ቁልፍ ሲዞር መውረዱ አይቀርም፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ግን ጥርጣሬ አለ። የኛው ከ11 በላይ ላይ ቀረ። ባትሪው ጤነኛ ነው! ምናልባት ያስወጣነው አሮጌውም ያለ ኃጢአቱ ነው የተባረረው።

ሦስተኛ፣ የፊት መብራት አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ከሞተ ባትሪው ደክሟል፣ የባትሪው ራስ ዝጓል፣ ወይም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየሳበ ነው። መብራቱ ቦግ እንዳለ ሞተሩ ካዘገመ ግን ኃይሉ ሞተሪኖው ጋ እየደረሰ አይደለም። የኛዋ መብራት ምንም አልመሰላት!

አራተኛው ፈተና ላይ ጉዱ ወጣ። ጋሼ አንድ ወፍራም የባትሪ ገመድ አንሥተው፣ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ከማርሽ ሳጥኑ ንጹሕ ብረት ጋር አገናኙ። “አዙር” አሉኝ። ቭርርርር! ያለ ገፊ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው የሄደው ኃይል በመኪናው ብረት በኩል መመለስ አለበት። የቮልስ ሞተርና ማርሽ ሳጥን ግን የተቀመጡት ጎማ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ማርሽ ሳጥኑን ከአካሉ ጋር የሚያገናኝ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የመዳብ ገመድ አለ። መካኒኮች “ማሳ” የሚሉት ነው። የኛዋ ማሳ አረንጓዴ ዝገት በልቷት፣ ግማሽ ክሯ ተበጥሷል። አዲስ ገዛን፣ ብሎኑ የሚያርፍበትን ብረት እስኪያበራ ፋቅን፣ አሰርን። ዋጋዋ የገፊዎቹን የአንድ ሳምንት ሻይ አያህልም።

ጋራዥ ሁሉ ይሳሳታል ማለቴ አይደለም። ጠዋት ደህና ተነሥታ ሞተሩ ሲግል ብቻ የምታዘግም ቮልስ ካለቻችሁ፣ ሞተሪኖው ወይም ዘንጉ የሚዞርበት ቡሽ አልቆ ሊሆን ይችላል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት ከተሠሩት ደግሞ ብዙዎቹ ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ በ12 ቮልት ልኬት እንዳትፈርዱባቸው።

ስትሞክሩ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ባትሪ አጠገብ ሲጋራ አይለኮስ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ መሸፈኛ አድርጉለት። የወንበሩ ሽቦ ከነካው እሳት ያስነሣል።

ያን ዕለት አባቴን ጠርቼ ቁልፉን ሰጠሁት። አንዴ አዞረው፣ ተነሣች። አጠፋና ደግሞ አዞረው። ብዙም አልተናገረ፤ “ያ ደላላ ሲመጣ ቡና አጠጣና ሸኘው” አለኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ “በቃኝ፣ ይቀየር” የሚል ሰው ስሰማ፣ ባትሪም ይሁን ጓደኛ፣ “ማሳውን አይተሃል?” እላለሁ።