ስለት ማውጣትና የእጅ ሥራ ክብር

ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ጥሊሊ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት፡፡ በዚህ አገር ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ሳይዝ የሚኖር ቤት የለም፡፡ እነዚህን መሣሪያዎች ሠርቶ የሚያስረክበው ብረት ሠሪ ግን ለብዙ ዘመን ክብር ሲነፈገው ኖሯል፡፡ ዛሬ ከዚሁ ሙያ አንዱን ክፍል፣ ይኸውም ለቢላዋ ስለት ማውጣትን፣ ለጀማሪ በሚገባ መንገድ ለማስረዳት እንወዳለን፡፡

ቢላዋ የሚቆርጠው ብረት በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው ወፍሮ ወደ አፉ እየሳሳ የሚወርድ ጎን ስላለው ነው፡፡ ጎኑ በጣም ከሳሳ አጥንት ሲነካ ይሸረፋል፤ ከወፈረም ሽንኩርቱን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይከትፈውም፡፡

ጀማሪው አስቀድሞ ብረቱን መምረጥ አለበት፡፡ ለግንብ ሥራ የሚውለው ፌሮ ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ስለሆነ ስለት አይዝም፡፡ የመኪና ባሌስትራ ግን ከመቶ 0.6 እጅ ያህል ካርቦን ስላለው በእሳት ይጠነክራል፡፡

ቀጥሎ በብረቱ አፍ መካከል ለመካከል ቀጭን መሥመር ይጫራል፡፡ ከግራም ከቀኝም ሲሞረድ መድረሻው ይህ መሥመር ነው፡፡ ለጀማሪ ከኤሌክትሪክ መሳያ ይልቅ ሞረድ ይሻላል፤ መሳያው ፈጣን በመሆኑ ጥፋቱም ፈጣን ነው፡፡ ሞረድ የሚበላው ወደ ፊት ሲገፋ ስለሆነ ሲመለስ ከብረቱ ላይ ማንሣት ይገባል፡፡ እጅ አንዱን ዘቅዛቃ ይዞ ከእጀታው እስከ ጫፉ በእኩል መሄድ አለበት፡፡ አንዱን ጎን ብቻ አብዝቶ የሞረደ ሰው መሥመሩን ይስታል፡፡

አፉ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀር ሞረዱ ይቆማል፡፡ ከዚያ በላይ ከሳሳ እሳት ያጣምመዋል፡፡ ለእሳቱ ከሰል ያስፈልጋል፤ በአዊ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክለው ከሰል ማክሰላቸው የታወቀ ነው፡፡ ብረቱ ቀልቶ ማግኔት መያዙን ሲተው በዘይት ውስጥ ይነከራል፡፡ ይህን ጊዜ ጠንካራ ቢሆንም እንደ ሸክላ ይሰበራልና በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደገና ማሞቅ ግድ ነው፤ የተወለወለው ብረት የገለባ መልክ ሲያወጣ ደረሰ ማለት ነው፡፡ የመጨረሻው መሳል ውሃ እያስነኩ ይሠራል፡፡ በመሳያ ግለት አፉ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ጠፍቷል፡፡

ይህን ሁሉ መዘርዘራችን ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪን፣ ሸማኔንና ቆዳ ፋቂን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል፡፡ አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከአንደበት ሁሉ አልጠፋም፡፡ ቀጥቃጩን እየናቀ በቀጥቃጩ ቢላዋ ሥጋ የሚቆርጥ ሰው የራሱን ማዕድ የሰደበ መሆኑን ማስተዋል ይገባዋል፡፡

ስለዚህ ተማሪው በዕረፍቱ፣ ወጣቱ ሹምም ከቢሮው ሲወጣ አንድ ሞረድ ይዞ ከአንድ ባለሙያ ዘንድ ቢቀመጥ ደረጃው ዝቅ አይልም፡፡ በአንድ ወር ጥሩ ቢላዋ ባይሠራም የሠሪውን ድካም ይመዝናል፡፡ የባለ እጅን ድካም የሚመዝን ሹም ደግሞ ጉዳዩን ይዞ ለሚመጣው ባለ እጅ ወንበር መሳቡ አይቀርም፡፡